የሌሊቱ ረሃብ ቀን ላይ ነው የሚጀምረው

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምንኖር እናቶች ስንገናኝ፣ ከሥራና ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የምናወራው ስለ ልጆች እንቅልፍ ነው። አንዷ «የኔ እኮ እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ለጥ ብሎ ነው የሚተኛው» ስትል ሌሎቻችን ዝም እንላለን። የኔ ልጅ ዓመት ከአራት ወር ሲሆነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ብድግ ማለት ጀመረ። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እዚህ አራት ተኩል የሚሉት ነው። ተነስቶ አይጫወትም። አልጋው ላይ ቆሞ «ጀራ! ጀራ!» ይላል። እንጀራ ማለቱ ነው።

ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ስላለው በዚያ ሰዓት ቤት አይኖርም። እኔ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጁን ይዤ መውጣት አለብኝ። የአፓርታማችን ግድግዳ ስስ ነው፤ ለቅሶው ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ቶሎ ብዬ ወተት አሙቄ እሰጠዋለሁ። ጥርግ አድርጎ ይጠጣና አንዳንዴ ተመልሶ ይተኛል፣ አንዳንዴም በዚያው ይነጋል።

ሁሉም ሌሊት የሚነቃ ልጅ ርቦት አይደለም። ከልማድ የነቃ ልጅ ወተት ሲሰጡት ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ ሳብ ያደርግና ያንቀላፋል። የሚፈልገው ሰው ነው። ርቦት የነቃ ግን ጨርሶ ይጠጣል፣ ጨምሪ ይላል፣ ዳቦ ቢሰጡትም አይመልስም። የኔው ከሁለተኛዎቹ ነበር።

አገር ቤት ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት። ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሕፃን ቀን ምን በልቶ ነው የሚውለው?»

«ዴይኬር ነው የሚበላው እማዬ።»

«የት ይበላል አላልኩሽም። ምን በላ?»

ዴይኬሩ፣ ልጁ የሚውልበት የሕፃናት ማቆያ፣ በየቀኑ ማታ አንዲት ወረቀት ይሰጠናል። ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ዳይፐሩ መቼ እንደተቀየረ፣ ምን ያህል እንደበላ ምልክት የሚደረግባት ናት። የሰሞኑን ወረቀቶች ከቦርሳው አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ወተት ላይ ሁልጊዜ «ሁሉንም» ይላል። ምሳ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ «ትንሽ»። በማግስቱ የምትይዘውን ሴት ጠየቅኳት። ምግቡን አይጠላም አለችኝ። ሳህኑ ሲቀርብለት ዝም ብሎ ያያታል፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሌሎቹ ልጆች በእጃቸው እያነሱ ይበላሉ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ሳህኑ ይነሳል።

ልጄ ጉርሻ እየጠበቀ ነበር! ቤት ውስጥ እኔም አባቱም እያጎረስን ነው ያሳደግነው፤ እኛም እንደዚያው ነው ያደግነው። ለብዙ ሕፃን አንዲት ሞግዚት ባለችበት ክፍል ግን የሚያጎርስ የለም። ስለዚህ ቀኑን በወተት ይውላል፣ የቀረበትን ምግብ ሌሊት ይጠይቃል። ጡት የሚጠቡ ልጆችም እናታቸው ሥራ ስትውል እንዲህ ያደርጋሉ፤ ቀን ትንሽ ቀምሰው ሌሊቱን ሙሉ ይጠባሉ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሁድን ራሱን ችሎ መብላት መለማመጃ አደረግናቸው። እንጀራውን በሽሮ አርሼ ትንንሽ ጥቅል እሠራና ሳህኑ ላይ አደርግለታለሁ። የተቀቀለ እንቁላል፣ በደንብ የበሰለ ስኳር ድንች፣ አቮካዶ። እኔ ከፊቱ ተቀምጬ የራሴን እበላለሁ። መጀመሪያ እጄን ይዞ ወደ አፉ ይጎትት ነበር። ከዚያ አንዱን ጥቅል አነሳ፣ ጨመቀው፣ ሽሮው በጣቶቹ መሃል ወጣ፣ ላሰው። ሁለተኛውን ዋጠው። ወለሉም ፀጉሩም ሽሮ በሽሮ ሆነ፤ እኔ ግን ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ጉርሻውን አላቆምንም። መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት እናጎርሰዋለን፤ ያ የፍቅር ነው፣ አይቀርም።

ዴይኬሩንም የለመደውን ምግብ እንድልክ ፈቃድ ጠየቅኩ። ለውዝ እስከሌለበት ድረስ ፈቀዱልኝ። ቀስ በቀስ ወረቀቷ ላይ «ግማሹን»፣ ከዚያም «ሁሉንም» ማየት ጀመርኩ።

ሁለተኛው ነገር ወተቱ ነው። ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ በቀን ከ2 እስከ 3 ኩባያ ይበቃዋል ብሎናል። ከዚያ ሲበዛ ሆድ ይሞላና ምግብ ያስጠላል፤ የደም ማነስም ሊያመጣ ይችላል። የዴይኬሩንና የቤቱን አንድ ላይ ስደምረው ከዚያ በጣም ያልፋል። ቀን የሚጠጣውን ከምግብ በኋላ አደረግነው፣ ጡጦውንም በኩባያ ቀየርነው።

የእራት ሰዓትም ተስተካከለ። ድሮ ከዴይኬር እንደመጣን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይበላና እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ድረስ ምንም የለም። 11 ሰዓት ሙሉ ማለት ነው፤ ቀኑን በቅጡ ላልበላ ልጅ ብዙ ነው። አሁን እንደገባን ሙዝ ወይም እርጎ ይቀምሳል። ዋናውን እራት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ይበላል፤ ቅንጬ በቅቤ፣ ወይም ምስር በእንጀራ፣ ወይም የአጃ ገንፎ ከእንቁላል ጋር። ቅባትና ፕሮቲን ያለው ምግብ ሆድ ውስጥ ይቆያል። እናቴ በሰው የላከችውን የአጥሚት ዱቄትም በወተት ወፈር አድርጌ በማንኪያ እሰጠዋለሁ። ስኳር አልጨምርም፤ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም። ከዚያ ጥርሱን እንቦርሻለን፣ 2 ሰዓት ላይ ይተኛል። ከተቦረሸ በኋላ ውሃ ብቻ ነው። ወተት በጡጦ ይዞ መተኛት ጥርስ ያበላሻል።

የሌሊቱን ወተት በአንዴ አልከለከልኩትም። አንዳንድ ሰው «አስለቅሺው፣ ይለምደዋል» ይላል። ርቦት የነቃን ልጅ አስለቅሶ ማስተኛት ለኔ በፍጹም አይዋጥልኝም። ግን በየሌሊቱ በአንድ ሰዓት የሚመገብ ሰውነት ያንን ሰዓት ይለምዳል፣ ሆዱ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ሲነቃ መብራት ሳላበራ፣ ሳላወራ፣ ጀርባውን እያሻሸሁ ትንሽ አቆየዋለሁ። በየጥቂት ቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል እየገፋሁ፣ ወተቱንም እየቀነስኩ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን። እዚህ በሰኔ ፀሐይ ገና 12 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች፤ ብርሃን ከገባ ደግሞ የትኛውም ልጅ አይተኛም።

አሁን 12 ሰዓት አካባቢ ነው የሚነቃው። የቀኑ እንቅልፍ ሲደመር 12 ሰዓት ገደማ ይተኛል፤ ከ1 እስከ 2 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው ከ11 እስከ 14 ሰዓት ነው። ጥርስ ሲያወጣ ወይም ጉንፋን ሲይዘው ሁሉም ነገር ይበላሻል፤ ሲሻለው ይመለሳል። በደንብ እየበላም ሌሊት የሚራብ፣ ኪሎ የማይጨምር ወይም ተኝቶ የሚያንኮራፋ ልጅ ካላችሁ ግን በእራት ሰዓት አትታገሉ፣ ሐኪም ይየው።

አንድ ነገር ለአሜሪካ ነዋሪዎች። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ በአብዛኛው ግዛት ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የልጁ ሆድ ግን ይህን አያውቅም፣ 12 ሰዓት ይነቃ የነበረው 11 ሰዓት ላይ ይነሳል። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት እራቱንም መኝታውንም በየሁለት ቀኑ በሩብ ሰዓት አዘግዩት። ለዴይኬሩም ቀድማችሁ ንገሩ፣ የምሳውን ሰዓት አብረው እንዲያንቀሳቅሱላችሁ።