ሃያ አራት ሺህ ጊዜ፣ ስድስት ሺህ ሰው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ መሸጥ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የማረቆ ዛላ አስመጥቼ እቀነጥሳለሁ፤ ከኮረሪማው፣ ከጥቁር አዝሙዱና ከበሶብላው ጋር አዋህጄ አስፈጫለሁ። የበርበሬውን ሥራ ከእናቴ ተምሬዋለሁ። ያላወቅኩት የገበያውን ቋንቋ ነበር።

ፌስቡክ ላይ የሚወጣ ማስታወቂያ በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈል፣ ካርድ ላለው አንድ ወጣት 3,000 ብር ሰጠሁት። ከሳምንት በኋላ «እትዬ፣ ኢምፕሬሽኑ 24,000፣ ሪቹ 6,000 ደርሷል» ብሎ መልእክት ላከልኝ። ሃያ አራት ሺህ ሰው በርበሬዬን አየ ብዬ አንድ ኩንታል ዛላ ጨመርኩ። የመጣው ገዢ ዘጠኝ ነው። በረንዳዬ በዛላ ሞልቶ ዝናብ ሲያስገመግም፣ ሌሊቱን ላስቲክ ሳለብስ አደርኩ።

ልጁ አልዋሸኝም፤ ቃሎቹን የተረዳሁበት መንገድ ነው የተሳሳተው። በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። በግራ ገጽ ቃሉን፣ በቀኝ ገጽ የራሴን ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ።

አንድ እሑድ ጠዋት ቆራሌው ሕንጻችን ሥር እየተጣራ አራት ጊዜ ሲመላለስ ነገሩ ተገለጠልኝ። ድምፁ እኔ ቤት አራት ጊዜ ገብቷል፤ ቤቱ ግን አንድ ነው። ጥሪው የተሰማበት ብዛት ኢምፕሬሽን፣ የሰሙት ቤቶች ብዛት ሪች ነው። 24,000ውን ለ6,000 ሳካፍል አራት መጣ፤ አንድ ሰው ማስታወቂያዬን በአማካይ አራት ጊዜ አይቷል፤ ይህን ፍሪኩዌንሲ ይሉታል። ጎረቤቴ ከበረንዳዋ አንገቷን አውጥታ «በስንት ትወስደዋለህ?» ስትል ኢንጌጅመንት ሆነ፤ ሰምቶ ምላሽ መስጠት ማለት ነው። የተቀደደ ብረት ድስቷን ይዛ ስትወርድ ደግሞ ኮንቨርዥን፤ ወደ ግብይት መግባት፣ ለእኔ መግዛት ማለት ነው።

ሲፒኤም ላይ ብዙ ቆየሁ። «ኤም» ሚሊዮን መስሎኝ ሒሳቡ እምቢ አለኝ። ለካ ከላቲን የመጣ ሆኖ ሺህ ማለት ነው፤ ማስታወቂያው ሺህ ጊዜ ለመታየቱ የሚከፈለው ዋጋ። የእኔ 125 ብር ወጣ። ማስታወቂያውን 120 ጊዜ ነክተውታል፤ ስለዚህ የአንዱ ንክኪ ዋጋ፣ ሲፒሲ የሚባለው፣ 25 ብር ነው። እስከዚህ ድረስ ቁጥሮቹ ደስ ይላሉ። 3,000ውን ለዘጠኙ ገዢዎች ሳካፍል ግን አንዷን ለማምጣት ከ333 ብር በላይ አውጥቻለሁ። ከኪሎ የሚተርፈኝ 110 ብር ነው። ደንበኛዬ አራተኛ ኪሎዋን እስክትገዛ ድረስ ኪሳራ ላይ ነኝ ማለት ነው! ይህን ልጁ የላከልኝ ሪፖርት አይናገርም፤ ትርፌን የማውቀው እኔ ነኝና።

ኦዲየንስ፣ ማስታወቂያው እንዲደርሳቸው የሚመረጡት ሰዎች፣ የሚለውን ቃል የተማርኩት ከጅማና ከደሴ ከመጡ መልእክቶች ነው። ማስታወቂያው ለመላው አገር ተከፍቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከአቃቂ ቃሊቲ ወዲያ የማደርስበት አቅም የለኝም። በሁለተኛው ዙር በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ዙሪያ ብቻ እንዲታይ አስወሰንኩት። 1,500 ብር ከፍዬ አሥራ አራት ገዢ መጣ፤ ለአንዷ ወደ 107 ብር ገደማ። የአንድ ኪሎ ትርፍ ሸፈነው።

ሳይከፈልበት የሚደርሰውን ኦርጋኒክ ይሉታል። የተሰጣ በርበሬ ፎቶ ብዙ ላይክ አገኘ፤ ገዢ ግን አላመጣም። ዛላ ስቀነጥስ የሚያሳየውን አጭር ቪዲዮ ግን አንዲት እናት ለሕንጻዎቹ የቴሌግራም ቡድን አጋራችው፤ በዚያው ሳምንት አምስት ሴቶች በሬን አንኳኩ። ከዚያ ወዲህ ሼርን ከላይክ አስቀድሜ እመዘግባለሁ። ሀሽታግን ትቼዋለሁ፤ የእኔ ገዢ በእግሯ የምትመጣ ናት።

አሁን እያንዳንዷን ገዢ «ከየት ሰማሽ?» እላለሁ፤ መልሷንም ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ። በዚህ ሳምንት ከመጡት ሰባት ውስጥ አራቱ ከቴሌግራም ቡድኑ፣ ሁለቱ ከጎረቤት ሰምተው ነው። አንዷ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ስታልፍ ሽታው ስቧት መጣች።