ኦናምን ኮምቦልቻ ላይ መደገስ

በደቡብ ህንድ ያለችው የኬረላ ሰዎች፣ ማላያሊዎቹ፣ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደሉም፤ በንጉሡ ዘመን ከመጡት የህንድ መምህራን ብዙዎቹ ከዚያ ነበሩ። ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ላይ ማላያሊ ጎረቤት ያለው ግቢ የመኸር በዓላቸውን፣ ኦናምን፣ አብሮ ላክብር ቢል ከብዙ በዓል ይልቅ ይቀለዋል። ሳድያ የሚባለው የመኸር ማዕድ በተለምዶ ሥጋ የለውም። ስለዚህ ማን ባረከው የሚል ጥያቄ አይነሳም፤ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ ለየብቻ ድስት አይጣድም።

የሚያስቸግረው ቅቤና እርጎው ነው። ኦናም በፀሐይ ወርና በጨረቃ ስለሚሰላ ቀኑ ይዘዋወራል። ዋናው ቀን ቲሩቮናም በ2017 ዓ.ም. መስከረም 5 እሑድ ውሎ፣ ያው ዓመት ሳያልቅ ነሐሴ 30 ዓርብ ተደገመ። የ2018ቱ ደግሞ ነሐሴ 20፣ ረቡዕ ነው። የጾም ቀን ላይ ከወደቀ ወደሚቀጥለው እሑድ መግፋት ነውር የለውም፤ ከአገራቸው የራቁት ማላያሊዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። መግፋት ካልተፈለገ ቅቤውን በኮኮናት ዘይት ተክቶ እርጎ ያለባቸውን ወጦች መተው ነው። ዘይቱ ሲገዛ ግን ጽሑፉ ይነበብ፤ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛው የፀጉር ነው።

ለ50 ሰው 6 ኪሎ ሩዝ ይበቃል። የኬረላው ቀይ ሩዝ ከሌለ የፎገራውም ይሆናል፤ ግን ቶሎ ስለሚላቆጥ እንደ ፓስታ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ማጥለል ነው። ለፓሪፑ፣ ለክክ ወጡ፣ 2 ኪሎ የማሾ ክክ። ማሾው እዚሁ በቆላው የሚበቅል ነው፤ ለስለስ ባለ እሳት ይቆላል፣ ይከካል፣ ይበጠራል። ለሳምባር፣ አትክልት ለገባበት ጎምዛዛ ወጥ፣ የምስር ክክ ይሄዳል፤ ማጎምዘዣው ሮቃ ነው። ሮቃው የሚገባው ክኩ ከበሰለ በኋላ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ክኩ ቢውል አይፈርስም። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ደግሞ ያለ ፕሬዠር ኩከር ጋዙን መጨረስ ነው።

ጥቅል ጎመኑ ቶራን፣ መረቅ የሌለው የአትክልት ጥብስ፣ ይሆናል። ሰናፍጩ በጋለ ዘይት ውስጥ ፈንድቶ ዝም ሲል ጎመኑ ይጨመራል፤ ሳይፈነዳ ከተቸኮለ ይመራል። ዱባው ከቀይ ቦሎቄና ከተፈቀፈቀ ኮኮናት ጋር ኤሪሼሪ የሚባለው ወጥ ነው። ለአቪያል፣ ለድብልቅ አትክልቱ፣ ካሮት፣ ፎሶሊያና ጥሬ ሙዝ በጣት ርዝመት ይቆረጣሉ። እርጎው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይገባል፤ ከፈላ ይበጣጠሳል። የካሪ ቅጠል ምትክ የለውም፤ ጎረቤት ከህንድ ሲመለስ ደረቁን እንዲያመጣ ማስቸገር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጣፋጩ፣ ፓያሳሙ ነው። ከማሾ የሚሠራው ለጾመኛም ይሆናል፦ 1 ኪሎ የተቆላ ማሾ ክክ፣ ጃገሪ (ያልተጣራ የአገዳ ስኳር) ካልተገኘ 2 ኪሎ ቡናማ ስኳር፣ 8 ኮኮናት። የተፈቀፈቀው ኮኮናት መጀመሪያ በትንሽ ለብ ያለ ውሃ ታሽቶ ወፍራሙ ወተት ለብቻው ይቀመጣል፤ ከዚያ ሁለተኛና ሦስተኛ ይታለባል። ክኩ በቀጭኑ ወተት ሙልጭ ብሎ እስኪበስል ስኳር የሚባል አይነካውም፤ ስኳር ያየ ክክ ደርቆ ይቀራል። ወፍራሙ ወተት ድስቱ ሲወጣ ይገባል፣ አይፈላም። ሽታው የሄል ነው። ኮረሪማ በምትኩ የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ አልመክርም፣ ጣዕሙን ወደ ወጥ ይወስደዋል።

ማዕዱ የሚቀርበው በሙዝ ቅጠል ላይ ነው። ኮምቦልቻ ካልበቃ ወደ ሐርቡ ወረድ ማለት ነው። ቅጠሉ ታጥቦ እሳት ላይ ለአፍታ ካልተሞቀ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ቀጭኑ ጫፍ በተቀማጩ ግራ ይሆናል። ጨው፣ አቻር (በቅመም የተዘፈዘፈ ማጣፈጫ) እና የሙዝ ችፕስ በግራ፣ ወጦቹ በላይኛው ግማሽ ይሰለፋሉ፤ ሩዙ ሰው ከተቀመጠ በኋላ ከታች ይደረጋል። መጀመሪያ ፓሪፑ፣ ቀጥሎ ሳምባር፣ ፓያሳሙም ከዚያው ቅጠል ላይ በእጅ ይበላል። ልምድ ለሌለው እንግዳ በኩባያ ቢሰጥ አብሽር፣ ማንም አይቀየምም። 50 ሰው በአንዴ ማስቀመጥ ግን ስህተት ነው፤ 25፣ 25 አድርጎ ለእያንዳንዱ ወጥ አንድ አስተናጋጅ መመደብ ይሻላል። ብረት ድስቱና ሰሌኑ ከእድር ይገኛል።

የአበባው ምንጣፍ፣ ፑካላም፣ ከበዓሉ የመጀመሪያ ቀን ከአታም ጀምሮ ለ10 ቀን በየዕለቱ እየሰፋ ይሠራል፤ ሥራ ላለው ግቢ የመጨረሻው ቀን ብቻ ይበቃል። ሚስማር መሐል ተክሎ በሲባጎና በጠመኔ ክቦች ይሰመራሉ፤ 1.5 ሜትር ስፋት ይበቃል። አደይ አበባ ያለው መስከረም ላይ ከዋለ ነው፤ ነሐሴ ከሆነ ቢጫውን ከሌላ መፈለግ ግድ ነው። አረንጓዴው በደቃቁ የተከተፈ ቅጠል ነው። በክረምቱ ዝናብ ሜዳ ላይ አይሞከርም፤ በረንዳ ወይም ደረጃ ሥር ይሁን።

በልቶ የጨረሰ ቅጠሉን ወደ ራሱ ያጥፈዋል፤ ጠገብኩ፣ ተመስገን ማለት ነው። ወደ ውጭ ማጠፍ የለቅሶ ነውና ልጆቹ አስቀድመው ይነገራቸው። ፌስታልና ሶፍት ካልተቀላቀለበት ቅጠሉ እንዳለ ለከብት ይሄዳል።