መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ቅባት፦ ከርዳዳ ፀጉሬን በቤቴ የምይዝበት መንገድ

ፀጉሬን ያለ ፔስትራ (በሙቀት የሚያቃና መተኮሻ) እና ያለ ሪላክሰር (ፀጉር የሚያቃና ኬሚካል)፣ በተፈጥሮው ይዤ መኖር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ከተረዳኋቸው ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው፣ ከርዳዳ ፀጉር ከቅባት በፊት ውሃ የሚፈልግ መሆኑ ነው። ፀጉር ደረቀ ሲባል የብዙዎቻችን እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቅባቱ ብልቃጥ ነው፤ ይሁን እንጂ በደረቀ ፀጉር ላይ የተቀባ ዘይት ፀጉሩን ያብለጨልጨዋል እንጂ አያለሰልሰውም። የቅቤውም ሆነ የዘይቱ ሥራ ቀድሞ የገባው ውሃ ቶሎ እንዳይተን መሸፈን ነው። ይህን ቅደም ተከተል ከያዝኩ ወዲህ ማጠቡም፣ መፍታቱም፣ መሠራቱም ቦታ ቦታቸውን ይዘውልኛል።

ምክንያቱ ከፀጉሩ አበቃቀል የሚመጣ ነው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በሉጫ ፀጉር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ በቀላሉ ይወርዳል፤ በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን በየጥምዝምዙ ስለሚዘገይ፣ ሥሩ ወዛም ሆኖ ሳለ ጫፉ ደርቆ ይቀራል። ከዚህም በላይ ፀጉሩ በሚታጠፍባቸው ቦታዎች ሁሉ ጥንካሬው ስለሚያንስ፣ ሲጎተት መጀመሪያ የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው። የምኖርባት አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ ፀሐይዋ ብርቱ፣ አየሯም ደረቅ ነው። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ያለ ብዙ ድካም የሚለሰልሰው ፀጉሬ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የበለጠ ውሃና የበለጠ ጊዜ ይጠይቀኛል።

እናቴ ይህን ሁሉ ማብራሪያ ሳትፈልግ ሥራውን ታውቀው ነበር። በልጅነታችን ራሳችንን ታጥበን ፀሐይ ልንሞቅ ወደ ግቢ ስንወጣ፣ “ሳይደርቅ ነይ እንጂ!” እያለች በየተራ ትጠራንና በተፈጨ አደስ የታሸውን ለጋ ቅቤ በእርጥቡ ፀጉራችን ላይ አዳርሳ በሻሽ ትጠቀልለን ነበር። ዛሬ “ቅቤ ቀብቼ ምንም ጥቅም አላገኘሁበትም” የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው፣ ፀጉሩ ሲቀባ እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ የሚለውን ነው።

እኔ ቅቤን የምጠቀመው ከመታጠቤ በፊት ባለው ምሽት ነው፤ ሽታው ወደ ሥራ ቦታ አብሮኝ እንዳይሄድ ስለምፈልግና የትራሱም ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። በውሃ መርጫ ጠርሙስ ፀጉሬን አርጥቤ፣ ቅመም ያልገባበትንና ያልተነጠረውን ለጋ ቅቤ በመዳፌ አሟሽሼ፣ ከጫፍ ጀምሬ ወደ ላይ እቀባለሁ። ከላዩ ንጹሕ ፌስታል፣ ከፌስታሉ በላይ ሻሽ አስሬበት አድራለሁ፤ የራስ ሙቀት ቅቤውን ስለሚያቀልጠው ሌላ እሳት አያስፈልገውም። ቅቤ ከሌለ የኮኮናት ዘይት ይተካዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የኮኮናት ዘይት ወደ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ በመታጠብ ጊዜ የሚጠፋውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ፣ የሱፍ ዘይትና ከነዳጅ የሚገኘው የማዕድን ዘይት ግን ይህን እንደማያደርጉ አሳይቷል። ቫዝሊንና የሕፃናት ዘይት ከዚሁ ከማዕድን ዘይቱ ወገን ስለሆኑ፣ እኔ የምጠቀምባቸው ከታጠብኩ በኋላ ጫፍ ለመሸፈን ያህል ብቻ ነው።

በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ የመታጠቢያዬን ቀን የሚወስነው ቧንቧው ነው። ባልዲና ጆግ በቂ ናቸው። ፀጉሬን ከአራት ከፍዬ እያንዳንዱን ላላ አድርጌ እጎነጉነውና ሳልፈታው አጥበዋለሁ፤ እንዲህ ሲደረግ ውሃው ይቆጠባል፣ ፀጉሩም እርስ በርሱ አይተበተብም። ሻምፖውን በጆግ ውሃ አቅጥኜ በራስ ቆዳዬ ላይ ብቻ አፈስሰውና በጣቶቼ ጫፍ እንጂ በጥፍር ሳልነካ አሸዋለሁ። ወደ ታች የሚወርደው አረፋ ጫፉን ለማጽዳት ይበቃዋል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ትኩስ ውሃ ወዙን ጨርሶ ይገፈዋል።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀውና ብዙ ፀጉር የሚጠፋበት ሥራ መፍታቱ ነው። ከርዳዳ ፀጉር በደረቁ አይበጠርም፤ ይህን ሕግ በቤቴ ማንም እንዲጥሰው አልፈቅድም። ኮንዲሽነሩን በደንብ ከቀባሁ በኋላ አንዱን ክፍል ብቻ ፈትቼ በጣቶቼ እጀምራለሁ። ቋጠሮ ሲያጋጥመኝ ከቋጠሮው በላይ ያለውን ፀጉር በግራ እጄ አጥብቄ እይዛለሁ፤ በዚህ መንገድ መጎተቱ ወደ ሥሩ አይደርስም። ከዚያም ጥቂት ውሃና ኮንዲሽነር ጨምሬበት ቋጠሮውን ከታች በኩል አንድ ሁለት ዘለላ እያወጣሁ አላላዋለሁ። ጣቴ ያለ ችግር ሲያልፍ ብቻ ጥርሱ ሰፋ ያለ ሚዶ አነሳና በመጀመሪያ ጫፉን፣ ቀጥሎ መሐሉን፣ በመጨረሻ ሥሩን አበጥራለሁ። ሚዶው ከሥር ወደ ታች ከተነዳ ያለው ትብትብ ሁሉ አንድ ቦታ ይከማችና አብሮ ይበጠሳል። እርጥብ ፀጉር ይለጠጣል፣ ግን ከደረቁ ይልቅ ደካማ ነውና እጅ መለስለስ አለበት። በሚዶው ላይ የሚቀረውን ፀጉር አይቶ መደንገጥ አይገባም፤ ከማንኛውም ጤነኛ ሰው ራስ በየቀኑ ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ፀጉር ይረግፋል፣ በከርዳዳ ፀጉር ውስጥ ደግሞ የረገፈው ሳይወድቅ ተጠልፎ ይቆይና በመፍቻው ቀን አንድ ላይ ይወጣል።

ከታጠብኩ በኋላ ጥቅሉ ቅርጹን ይዞ እንዲደርቅ የማደርገው በተልባ ነው። በገበያ የሚሸጡት ጄሎች ዋጋቸው እየጨመረ ስለሄደ ብቻ አይደለም፤ ተልባው ፀጉሬን ሳያደነድን ስለሚይዝልኝ በእውነት እወደዋለሁ። የሚያስፈልገው የተለቀመና ያልተቆላ ተልባ ነው፤ ለጾም መጠጥ የሚሆነው ተቆልቶ የተፈጨው ተልባ ለዚህ አይሆንም። ሩብ ኩባያ ተልባ በሁለት ኩባያ ውሃ ጥጄ፣ እንዳይዝ በእንጨት ማንኪያ ሳላቋርጥ አማስላለሁ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከሚወስደው ጊዜ ትንሽ ሊረዝም ይችላል። ሰዓት ከማየት ይልቅ ማንኪያውን ማየት ይሻላል፤ ማንኪያው ሲነሳ ፈሳሹ እንደ እንቁላል ነጭ ተስቦ ከወረደ ደርሷል ማለት ነው። በዚያው ቅጽበት ከእሳት ወርዶ በትኩሱ መጠለል አለበት፣ ምክንያቱም ከቀዘቀዘ አልጠለል ይላል። እኔ የማጠልለው በታጠበ አሮጌ ስቶኪንግ ነው፤ በሁለት ማንኪያ ይዤ እጨምቀዋለሁ እንጂ እጄን አላስነካም፣ ያቃጥላልና። በፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ከጠፋ ወይም ሽታው ከተለወጠ እደፋዋለሁ።

አቀባቡ ከአሠራሩ ያላነሰ ነገር ነው። ውሃው ከፀጉሬ ተንጠባጥቦ ሳያልቅ፣ በመጀመሪያ ትንሽ ኮንዲሽነር፣ ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ ዘይት፣ በላዩ የተልባውን ጄል በየክፍሉ አዳርሼ በመዳፌ ከታች ወደ ላይ ጨበጥ ጨበጥ አደርገዋለሁ። ውሃ በፀጉሩ ውስጥ ያሉትን ደካማ ማያያዣዎች ስለሚፈታቸውና ፀጉሩ ሲደርቅ መልሰው ስለሚያያዙ፣ በእርጥበቱ የተሰጠው ቅርጽ ሲደርቅ ይጸናል። እስኪደርቅ ድረስ አልነካውም። ፎጣም አላሽበትም፤ አሮጌ የጥጥ ቲሸርት ውሃውን ቀስ ብሎ ይመጥልኛል። ማታ የሳቲን ሻሽ አስራለሁ ወይም የትራስ ልብሴን ሳቲን አደርጋለሁ፣ የጥጥ ትራስ ፀጉሩን እየፈተገ ያደርቀዋልና። ጠዋት ውሃ መርጨትና በእጅ ማስተካከል ይበቃል። በዚህ አገር ቤት ውስጥ የማይታጣው ግሊሰሪንም በውሃ በጣም ተበርዞ፣ አየሩ እርጥበት ባለው የክረምት ወራት ጥሩ ያገለግላል፤ በደረቁ ወራት ግን እተወዋለሁ።

በሪላክሰር የተለወጠ ፀጉር በምንም ቅባት ወደ ተፈጥሮው አይመለስም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ከሪላክሰሮቹ ብዙዎቹ የሚሠሩት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም በኮስቲክ ሶዳ ሲሆን፣ የፀጉሩን ጠንካራ ማያያዣዎች ለዘለቄታው ይበጥሳሉ። ከልክ ያለፈ የፔስትራ ሙቀትም ሲደጋገም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። መንገዱ አዲሱ እስኪያድግ መጠበቅና አሮጌውን ቀስ በቀስ መቁረጥ ብቻ ነው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ነገሩ የወራት ሳይሆን የዓመታት ነው፤ ከርዳዳው ደግሞ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ያላደገ ይመስላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥሩና ጫፉ የሚገናኙበት ቦታ እጅግ ተሰባሪ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜዬን ያሳለፍኩት በላላ ሹሩባ ነው።

ስለ ፎረፎር ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ፎረፎር ሲታይ “ራሷ ደርቆ ነው” ተብሎ ቅባት የሚጨመርበት ልማድ አለ። አብዛኛው ፎረፎር ግን በራስ ቆዳ ወዝ ከሚመገብ የፈንገስ ዓይነት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በቅቤ የተሸፈነ የራስ ቆዳ ይመቸዋል እንጂ አያባርረውም። እኔን የጠቀመኝ በፋርማሲ የሚገኘው፣ ኬቶኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ሻምፖ ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ አቆይቼ አጥበውና ቅባቱን ከፀጉሩ ርዝመት ላይ ብቻ እወስነዋለሁ። ማሳከኩ ካልተወ ወይም ቁስል ከታየ የቆዳ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። የጉሎ ዘይት ፀጉር ያበቅላል የሚባለውንም ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ ወፍራም ስለሆነ ጫፉን ጥሩ አድርጎ ይሸፍናል፣ ከዚያ የዘለለ ነገር ግን አልጠብቅበትም።

አሁን ይህን ሁሉ የምሠራው ለልጄም ጭምር ነው። የእሷ ፀጉር ከእኔ ይልቅ ጠንከር ያለ ከርዳዳ ስለሆነ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አጥቤና ፈትቼ፣ ገና እርጥብ ሳለ ጎንጉኜ ለትምህርት ሳምንቱ አዘጋጅላታለሁ። ለበዓል ፀጉር ቤት ወስጃት ሹሩባ ስትሠራ አጠገቧ እቆማለሁ። ግንባሯና ጆሮ ግንዷ አካባቢ ያለው ፀጉር ስስ ነው፣ እዚያ ላይ የሚደጋገም ጥብቅ ጉንጉን ደግሞ ሥሩን ነቅሎ ፀጉር የማይበቅልበት ባዶ ቦታ ሊያስቀር ይችላል። ቆዳው ተወጥሮ ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠት ካየሁ ወይም እሷ “አመመኝ” ካለች ተፈትቶ እንዲላላ እጠይቃለሁ። ሠሪዋ “ካልጠበቀ አይቆይም” ብላ እምቢ ካለች፣ የተሠራውን ከፍለን ወደ ሌላ ፀጉር ቤት እንሄዳለን።