ምን ሳይቃጠል ቀረ? በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስላለው እሳት የማደርገው ጥናት የደረሰበት

እግዚአብሔር መገኘቱን በእሳት የገለጠባቸውን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ከዘፍጥረት ጀምሬ በተራ እያነበብኩ በደብተር ስመዘግብ ቆይቻለሁ። ጥናቱ አሁን ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች ከተጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ደርሷል። ከእናንተም መካከል አንድን ነገር ከመጽሐፍ እስከ መጽሐፍ እየተከተላችሁ የምታጠኑ ስላላችሁ፣ የያዝኩት አካሄድ ይጠቅማችኋል ብዬ ያገኘሁትን አካፍላችኋለሁ። ለእያንዳንዱ ክፍል እሳቱ ከየት እንደ መጣ፣ በአጠገቡ ማን እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ተቃጠለና ምን ሳይቃጠል እንደ ቀረ እጽፋለሁ። ከአራቱ ይበልጥ ያስተማረኝ የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ያገኘሁት ከራሱ ከሙሴ ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 3 ሙሴ በኮሬብ ተራራ እሳት ማየቱ ብቻ አላስደነቀውም፤ በበረሃ ቍጥቋጦ ሲነድ ማየት ለእረኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመንገዱ ዘወር እንዲል ያደረገው ቍጥቋጦው እየነደደ አለማለቁ ነው። በዚህ ክፍል ላይ ቆም ብላችሁ የነገሩን ቅደም ተከተል እንድታዩ እመክራለሁ፤ እግዚአብሔር ሙሴን በስሙ የጠራው ሊያይ እንደ መጣ ከተመለከተ በኋላ ነው። ድምፁ ከቍጥቋጦው መካከል የመጣው ሰውዬው «ለምን አይቃጠልም?» ብሎ ከቀረበ በኋላ መሆኑ፣ ይህ ጥያቄ ለጥናት መነሻ ሊሆን እንደሚገባ አሳምኖኛል።

ከዚህ ጋር አብሬ የመዘገብኩት የዘዳግም ምዕራፍ 4 ነው። ሙሴ በዚያ ለሕዝቡ፣ ተራራው በእሳት ሲነድ ድምፅ እንደ ሰሙ ነገር ግን መልክ እንዳላዩ ያስታውሳቸውና፣ ስለዚህ የተቀረጸ ምስል እንዳያደርጉ ያስጠነቅቃቸዋል። እሳት ለዚህ የተመረጠ ምልክት የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ይታያል፣ ይሞቃል፣ ያስፈራል፣ ሆኖም የተወሰነ ቅርጽ ስለሌለው ማንም ቀርጾ ሊያቆመው አይችልም። እግዚአብሔር «የሚበላ እሳት» ነው የሚለው ቃል የተነገረውም በዚሁ ምዕራፍ፣ ስለ ጣዖት በተሰጠ ማስጠንቀቂያ ውስጥ ነው። ቃሉን ከዚህ ነጥሎ ማስተማር ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን ትርጉሙን የሚያጎድል ይመስለኛል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ዘሌዋውያን ነው። ምዕራፍ 9 የሚጠናቀቀው እሳት ከእግዚአብሔር ፊት ወጥቶ በመሠዊያው ላይ ያለውን መሥዋዕት ሲበላና ሕዝቡ እልል ብሎ በግንባሩ ሲወድቅ ነው። ምዕራፍ 10 ሲከፈት የአሮን ልጆች ናዳብና አብዩድ ያልታዘዘ እሳት በየጥናቸው፣ ማለትም በየዕጣን ማጠኛቸው፣ ይዘው ይቀርባሉ፤ ያን ጊዜም እሳት ከእግዚአብሔር ፊት ወጥቶ እነርሱን ይበላቸዋል። እሳቱ የመጣው ከአንድ ስፍራ ነው፤ በሁለቱ ክስተቶች መካከል የተለወጠው የሰዎቹ አቀራረብ ብቻ ነው። ምን ሳይቃጠል ቀረ ብዬ ስጠይቅ ደግሞ ከዚያ በፊት ያላስተዋልኩት ዝርዝር በቁጥር 5 ተጽፎ አገኘሁ፤ ዘመዶቻቸው ሁለቱን ከሰፈር ወደ ውጭ የተሸከሟቸው በለበሱት ቀሚስ ነው። ሰዎቹን የገደለ እሳት የክህነት ልብሳቸውን አልበላም። ከዚህ የምረዳው፣ ይህ እሳት በአጠገቡ ያገኘውን ሁሉ የሚፈጅ ሳይሆን የሚለይ እሳት መሆኑን ነው። የአሮን ዝምታ በዚያው ክፍል መጻፉን ደግሞ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ስለ እግዚአብሔር ቅድስና የሚያጠና ሰው ሁለት ልጆቹን ያጣውን አባት ረስቶ ማለፍ አይገባውም።

ከዚህ በኋላ ተመሳሳይ ነገር ደጋግሞ ይታያል። በዘኍልቁ ምዕራፍ 16 ዕጣን ያጠኑት 250 ሰዎች ሲቃጠሉ ጥናዎቻቸው ከእሳቱ ውስጥ ተለቅመው፣ ተጠፍጥፈው ለመሠዊያው መለበጫ ሆነዋል። በዳንኤል ምዕራፍ 3 ነበልባሉ ሦስቱን ወጣቶች ወደ እቶኑ ያወጧቸውን ሰዎች ሲገድል፣ ታስረው የተጣሉት ሦስቱ ግን ተፈትተው በእሳቱ መካከል ሲመላለሱ ታይተዋል፤ ሲወጡም የእሳት ሽታ እንኳ አልነበረባቸውም።

በመሳፍንት ምዕራፍ 13 ደግሞ ጥያቄዬን ከእኔ በፊት የጠየቀች ሴት አገኘሁ። የእግዚአብሔር መልአክ በመሠዊያው ነበልባል ውስጥ ሲያርግ ማኑሄ «እግዚአብሔርን አይተናልና እንሞታለን» ብሎ ደነገጠ። ሚስቱ ግን ሊገድለን ቢፈልግ ኖሮ የሚቃጠለውን መሥዋዕታችንን ባልተቀበለ ነበር ብላ መለሰችለት። ስሟ አልተጻፈም፤ ሆኖም እሳቱ የበላውንና የተወውን አይታ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በመረዳት ከባሏ ትበልጣለች።

ጥያቄዬ መልስ ያጣው ነቢዩ ኤልያስ መሥዋዕት ባቀረበበት በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ነው። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 እሳቱ መሥዋዕቱን ብቻ ሳይሆን እንጨቱን፣ ድንጋዮቹንና አፈሩን በልቶ በጉድጓዱ ያለውን ውኃ ልሷል፤ ከመሠዊያው የተረፈ የለም። ነገር ግን ያን ሁሉ ያየው ኤልያስ በምዕራፍ 19 ሙሴ ቍጥቋጦውን ወዳየበት ወደ ኮሬብ በደረሰ ጊዜ፣ እግዚአብሔር በእሳቱ ውስጥ አልነበረም፤ የተነገረው ከእሳቱ በኋላ በመጣ ለስላሳ ድምፅ ነው። ስለዚህ እሳቱ ምልክት እንጂ እግዚአብሔርን አስገድዶ የሚያመጣ ነገር አይደለም። ያዕቆብና ዮሐንስ በሉቃስ ምዕራፍ 9 በሳምራውያን መንደር ላይ እሳት ከሰማይ ይውረድ ባሉ ጊዜ ጌታ የገሠጻቸውን ተግሣጽ የማነበው ከዚህ ጋር አያይዤ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2ን ከዘጸአት ምዕራፍ 19 እና 40 ጎን አድርጋችሁ አንብቡት። በሲና ሕዝቡ እንዳይቀርብ በተራራው ዙሪያ ወሰን ተደርጎ ነበር፤ የነካውም ይሞት ነበር። በኋላም እሳቱ በሌሊት የታየው በአንዲት ድንኳን ላይ ነው። በበዓለ ኀምሳ ግን የእሳት ልሳኖች ተከፋፍለው በእያንዳንዱ ሰው ላይ ተቀመጡ፤ ማንም አልተቃጠለም። ሰዎቹ ራሳቸው እንደ ቍጥቋጦው ሆኑ ማለት ነው፤ ድምፁም እንደ ኮሬቡ ከመካከላቸው ተሰማ። ይህን ሳነብ ያደረብኝን ደስታ ልደብቃችሁ አልችልም።

አሁን የቆምኩት 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 3 ላይ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በዚያ የእያንዳንዱ ሥራ በእሳት እንደሚፈተን፣ ሥራው የተቃጠለበት ሰው እንደሚጎዳ፣ እርሱ ራሱ ግን በእሳት እንደሚያልፍ ሆኖ እንደሚድን ይጽፋል። ይህ እሳት እስካሁን ከመዘገብኳቸው ጋር አንድ ስለመሆኑ ገና አልወሰንኩም፤ አስቀድሜ በሚልክያስ ምዕራፍ 3 ካለው የአንጥረኛ እሳት ጋር ቃል በቃል ላስተያየው ነው። ከእናንተ ይህን ክፍል ያጠና ካለ፣ «ራሱ ይድናል» የሚለውን እንዴት እንደ ተረዳው ቢጽፍልኝ ከሚልክያስ ቀጥሎ የማነበው እርሱን ይሆናል።