አፉ ያልተፈታ ዱቄት

ለፋሲካ ማዕድ ስናጋራ ነው ቤታቸው የገባሁት። ስማቸውን ከመዝገቡ አውቀዋለሁ። በየበዓሉ ዱቄትና ዘይት እንደወሰዱ ተፈርሟል። የሚፈርምላቸው የጎረቤት ልጅ መሆኑን ያወቅኩት ግን ዘንድሮ እሱ ሲቀር፣ እኔው በባጃጅ ጭኜላቸው ስሄድ ነው።

አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ያየሁት ነገር እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል። የገናው ዱቄት ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል፣ 25 ኪሎው እንዳለ፣ አፉ እንኳ አልተፈታም።

«እማማ፣ ለምን አልተጠቀሙበትም?» አልኳቸው።

«ማን ያቡካልኝ ልጄ?» አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጣቶቻቸው ተቆልምመዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ቤሩት ነበረች፣ ወሬዋ ከጠፋ ቆየ። የሚበሉት ጎረቤት ሲያስታውሳቸው ነው፤ ሳያስታውሳቸው ሲቀር ዳቦ በሻይ እየነከሩ ያድራሉ።

በእኛ ሪፖርት ግን እኚህ እናት ድጋፍ ደርሷቸዋል። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ማዕድ ማጋራት በ2012 በኮሮናው ጊዜ ከተለመደ ወዲህ ብዙ ቤት ደርሷል፣ ይሄንን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ጥሬ ዱቄት የሚጠቅመው በቤቱ የሚጋግር ሰው ላለው ነው። ጧሪ የሌለው አረጋዊ ደግሞ የቸገረው ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ሰው። አዲስ አበባ ውስጥ ተስፋ ብርሃን የሚባሉት የምገባ ማዕከላት የበሰለ ምግብ ያበላሉ፣ ስንቱ ነፍሱን የያዘው በዚያ ነው፤ ለእማማ ግን አቀበቱን ወጥቶ እዚያ መድረስ የማይታሰብ ነው። በሴፍቲኔት፣ ችግረኞችን በሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ቀጥታ ድጋፍ የሚባለውም አለ፣ መሥራት ለማይችሉ የሚሰጥ ገንዘብ፤ ገንዘቡም ቢሆን ገበያ የሚሄድ እግር ይፈልጋል።

እኔ የምለው፣ በዚያው ሴፍቲኔት ታቅፈው መንገድ የሚያጸዱ፣ ችግኝ የሚንከባከቡ ጎበዝ ጎበዝ ሴቶች አሉን አይደል? ከእነሱ ጥቂቶቹ በቀን አንዴ የበሰለ ምግብ ይዘው ከቤት መውጣት የማይችሉ ሰዎችን በር ቢያንኳኩ፣ ያም እንደ ሥራ ቀን ቢቆጠርላቸው ምናለበት? ስብሰባ ላይ አንስቼው ነበር። ዕቅዱ ውስጥ የለም ተባልኩ። ደግሜ አነሳዋለሁ።

ለጊዜው ከእድሩ አንዲት እናት ጋር ተስማምቻለሁ። ዱቄቱን ወስዳ እየጋገረች ልታመጣላቸው ነው፣ ለድካሟ ከዱቄቱ ታስቀራለች። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሄጄ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው፣ አገላብጠው ሳሙኝ፣ መረቁኝ። ልወጣ ስል ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለስለስ አድርጊው በያት እሺ፣ ጥርስ የለኝም» አሉኝ።