ለሸዋ ሮቢት የታሰረ ሻንጣ

ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ያለችው የሐበሾች የወንጌላውያን አጥቢያችን ለወራት የተዘጋጀችው ለሸዋ ሮቢት የአገልግሎት ጉዞ ነበር። ቆላ ነው ተባልን። ስለ ወባ ትምህርት ተሰጠን። ስስ ሸሚዝና ነጠላ ጫማ ገዛን፤ አጎበር በሻንጣ ሞላን። አዲስ አበባ ስንደርስ ተቀባያችን ወንድም ደወለ። "መንገዱ አስተማማኝ አይደለም፤ ከጣርማ በር ወዲያ አትወርዱም። ደብረ ብርሃን ትቆያላችሁ።" በቃ፣ አለቀ።

መሪያችን "የጌታ ፈቃድ ነው" አለና ወዲያው ወደ ጸሎት ገባ። እኔ ተናደድኩ። ፈቃድ ለማለት ትንሽ አልፈጠነም? አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እየደረብኩ ነው የአውሮፕላን ቲኬቱን የቆረጥኩት። ሮቢት ለሚጠብቁን ልጆችም ፎቷችንን ልከን ነበር።

በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖ አድርገን ሄድን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሮቢት ከሷ በ1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ልዩነቱ የገባኝ በነጠላ ጫማ ከመኪና ስወርድ ነው። ያሳደሩን እናት ከላይ እስከ ታች አዩንና "ምነው ልጆቼ፣ ይሄን ለብሳችሁ?" አሉ። ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና አወጡልን። አጎበሩን ሲያዩማ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "እዚህ ትንኝ ብትመጣ ብርድ ልብስ የምትለምነው እሷ ናት!"

በማግስቱ መሪያችን ፕሮግራሙን ለተቀበለችን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ዘረጋላቸው። ድራማ፣ መዝሙር፣ የወጣቶች ስብሰባ። አንዱ ሽማግሌ በትሕትና አጥፈው መለሱለት። "ይሄ ለሮቢት ይቀመጥ። እዚህ ሌላ ሥራ አለ።"

ሥራው ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅለው ከተማዋ ዳር የተጠለሉ ሰዎች ጋ ነበር። ብዙዎቹ ኦርቶዶክሳውያን ናቸው። ሽማግሌው መመሪያ ሰጡን። ሳትጠየቁ ስብከት አትጀምሩ። ረቡዕና ዓርብ ወተት ያለበት ብስኩት ለአዋቂ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ቄሱን ስታገኙ ቆማችሁ ሰላም በሉ። ጀርመን አገር ከወሰድነው ሥልጠና ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል።

እኔ ደግሞ የለመድኩትን አገኘሁ። መጠለያው ውስጥ ከተኙበት የማይነሱ አባት ነበሩ። ጀርባቸው ቆስሏል። እንዴት ቶሎ ቶሎ እንደሚገላበጡ፣ ቁስሉ እንዴት በንጽሕና እንደሚያዝ፣ ተረከዛቸው ሥር ምን እንደሚደረግ ለልጃቸው አሳየኋት። ከዚያ የጎረቤት ሰዎች መጥተው ወሰዱኝ፤ እናቴን እይልኝ፣ አያቴን እይልኝ። ሽቱትጋርት ላይ ሰዓት ተቆጥሮ የሚከፈለኝ ሥራ ነው። ድራማው ላይ የእኔ ድርሻ ዛፍ መሆን ነበር፤ አልናፈቀኝም።

የዕረፍት ቀናችን ላይ አንኮበር ወጣን። የሸዋ ነገሥታት ግቢ ከነበረበት ተራራ ሆነው ሲያዩ ምሥራቁ ቁልቁል ወደ አፋር ይሄዳል። ሚሲዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በዚያ በኩል ነው የመጣው። የሞተው እኔ ከምኖርበት ብዙም በማይርቀው ኮርንታል ነው፤ ስለዚህ ታሪኩን እዚያ ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ የሄደው ትግራይ ነበር። ከዐድዋ ሲባረር በታጁራ ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1839 ሸዋ ገባ፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተቀበሉት። አሳቡ ከዚህ ተነስቶ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ማለፍ ነበር። በ1842 ሲወጣ ወሎ ላይ ተዘረፈ። ልመለስ ቢል በሩ ተዘጋበት። በ1844 ሞምባሳ ደረሰ፤ እዚያም በዚያው ዓመት ሚስቱንና አራስ ልጁን ቀበረ። ዛሬ ስሙ ይበልጥ የሚነሳው በምሥራቅ አፍሪካ ሥራው ነው።

መሪያችን ይህን ለማጽናኛ ሲያነሳው ግን ደስ አላለኝም። ሚስትና ልጅ የተቀበሩበትን መንገድ "ፕላን ቢ" ብሎ ማሳመር ይከብዳል። የእኛ ብርድና የተሰረዘ ድራማ ነው፤ አይወዳደርም።

አሁን ለሚቀጥለው ጉዞ ስብሰባ ተጀምሯል። እኔ ቦታውንም ሥራውንም ተቀባዮቹ ይወስኑ፣ እኛ ቀኑን ብቻ እንንገራቸው አልኩ። ገንዘብ ያዡ ተቃወመ። ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች የቦታ ስም ይፈልጋሉ፤ ኢንሹራንሱም እንዲሁ። እውነቱን ነው። "እሺ፣ ሰሜን ሸዋ ብለህ ጻፍ" አልኩት። "ሰሜን ሸዋ እኮ ሰፊ ነው" አለ። እስካሁን አልተስማማንም።