ስፖይለርን በግማሽ ከፍቶ መውረድ

አዳማ በሚገኘው ቤቴ፣ በኮምፒውተር ሲሙሌተር ላይ ግላይደር ማብረር ስጀምር፣ ሞተር የሌለውን አውሮፕላን አየር ላይ ማቆየቱ የሚከብድ መስሎኝ ነበር። የከበደኝ ግን ማውረዱ ነው። የመረጥኩት ኤኤስኬ 21 የተባለው የጀርመን ባለ ሁለት መቀመጫ ማሠልጠኛ፣ ነፋስ በሌለበት አየር ከ100 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይንሸራተታል፤ ሜዳው ደርሶ እንኳ ለማረፍ እሺ አይልም።

ለዚህ የተሠራው ስፖይለር ነው። ከክንፉ የላይኛ ገጽ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሳንቃ ሲሆን፣ የአየሩን ፍሰት በማወክ ክንፉ የሚያነሳበትን ኃይል ይቀንሳል፣ አየሩ አውሮፕላኑን ወደኋላ የሚጎትትበትን ኃይልም ይጨምራል። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ያው 100 ሜትር ከፍታ ወደ 700 ሜትር ገደማ ብቻ ያስኬዳል።

እኔ ግን እንደ መኪና ፍሬን ቆጥሬው፣ እስከ መጨረሻው ዘግቼ እየመጣሁ ሜዳው ጫፍ ላይ በአንድ ጊዜ እስበው ነበር። አፍንጫውን ዝቅ ካላደረጉ ፍጥነቱ ወዲያው ስለሚወርድ፣ ከአምስት ሜትር ከፍታ ላይ ደጋግሜ ከመሬት ጋር አላትሜዋለሁ። ስፖይለሩን ትቼ በአፍንጫው ብቻ ለመውረድ ስሞክር ደግሞ ፍጥነቱ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ደርሶ ሜዳውን በሙሉ ሳይነካ አለፈው።

መላውን ያገኘሁት ቢሾፍቱ፣ አየር ኃይል ውስጥ ለረጅም ዓመታት ካገለገሉ ጡረተኛ ጎረቤታችን ነው። አንድ ማታ አጠገቤ ተቀምጠው ሁለት ማረፊያ ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ሞተር እኮ አለህ፤ ግራ እጅህ ላይ ነው። ወደፊት ስትገፋው ሩቅ ትደርሳለህ፣ ወደኋላ ስትስበው ቅርብ ታርፋለህ። ግን አስቀድመህ በግማሽ ካልከፈትከው የምትጨምረው ከየት ይመጣል?» አሉኝ። ሞተር ያሉት በግራ እጄ የምይዘውን የስፖይለሩን ተንሸራታች እጀታ ነበር። ስመለከተው ወደፊት ሲገፋ እንዲከፈት አድርጌ በግልባጭ አስተካክዬው ኖሯል። በዚያው ሌሊት አቅጣጫውን አዙሬ፣ በእውነተኛው ግላይደር እንዳለው ሰማያዊ እንዲሆን ሰማያዊ ፕላስተር ጠቀለልኩበት።

ከዚያ ወዲህ ወደ ማኮብኮቢያው እንደዞርኩ በግማሽ እከፍታለሁ፤ ፍጥነቱን በአፍንጫው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ላይ እይዛለሁ፤ ዓይኔን ላርፍበት ካሰብኩት ቦታ አላነሳም። ቦታው በመስታወቱ ላይ ወደ ላይ ከሸሸ ልደርስበት አልችልምና እጀታውን እገፋለሁ፣ ወደ እግሬ ከወረደ እስባለሁ። ስፖይለሩን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ፍጥነቱን መፈተሽ ግን ግዴታ ነው።

ነፋስ ሲኖር፣ የአዳማ ሰው ነፋስን አይንቅምና፣ የነፋሱን ፍጥነት ግማሽ በ90ው ላይ እጨምራለሁ። መሬት አጠገብ ነፋሱ ስለሚደክም የፍጥነት መለኪያው በድንገት ይወርዳል፤ ሙሉ ስፖይለር ከፍቶ ነፋሱ በሚደክምበት በዚያ የአየር ንብርብር ማለፍ አደገኛ መሆኑን የተረዳሁት ሦስት ጊዜ ተሰብሬ ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሜትሮች ግራ እጄ ባለበት ይቆያል። እዚያ ላይ በድንገት መዝጋት አውሮፕላኑን መልሶ ያንሳፍፈዋል፤ ሙሉ መሳብም የጎማው ፍሬን ከዚያው እጀታ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ጎማው ታስሮ መሬት እንዲነካ ያደርገዋል። እጀታውን እስከ መጨረሻው የምስበው ጎማው ሣሩ ላይ መንከባለል ከጀመረ በኋላ ነው።